ፍልፈል

ፍልፈል (በሮማይስጥ ሳይንሳዊ ስሙ ታኪዮሪክተስ ስፕሌንደንስ) ከመሬት ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ ሥራ ሥር የሚበላ አጥቢ እንስሳ ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ እንዲሁም በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳ፣ በቡሩንዲና በታንዛኒያ ይገኛል። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ከፍታዎች፣ ገበሬ ሰብል አጥፊ መሆኑን ያውቃል፤ በዚያው አገር ለሚኖረው ቀይ ቀበሮ ግን ምግብ ነው።

አመዳደብ

ፍልፈል አይጥና ጃርት በሚገኙበት በዘራይጥ ክፍለመደብ ይመደባል። ይሁን እንጂ ከቤት አይጥ ጋር አንድ አስተኔ አይደለም። የቤት አይጥ የሙሪዴ አስተኔ አባል ሲሆን ፍልፈል የስፓላሲዴ አስተኔ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ በእስያ የሚኖሩት የቀርከሃ አይጦች ናቸው።

ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ያስተዋወቀው በኢትዮጵያ የተጓዘው ጀርመናዊ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። የወገኑ ስም ታኪዮሪክተስ በግሪክኛ «ፈጣን ቆፋሪ» ማለት ሲሆን፣ ስፕሌንደንስ በሮማይስጥ «የሚያብረቀርቅ» ማለት ነው።

በወገኑ ውስጥ ስንት ዝርያ እንዳለ ሊቃውንት አልተስማሙም። አንዳንዶቹ እስከ 13 ዝርያ ይቆጥራሉ። ሌሎች ሁለት ብቻ ይቀበላሉ፦ ተራውን ፍልፈልና በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል (ታኪዮሪክተስ ማክሮሴፋለስ፣ «ትልቅ ራስ»)። የባሌው ፍልፈል እስከ 1 ኪሎግራም ገደማ ሊመዝን ይችላል፤ በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት እንስሳትም ተመዝግቧል።

ከፍልፈል ጋር የሚምታቱ ሌሎች እንስሳት አሉ፦

• ፀጉር የለሽ ፍልፈል፦ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ቆላ በአንዲት እናት ሥር በብዛት ተሰብስቦ ይኖራል። እርሱም ቆፋሪ ቢሆን ከደጋው ፍልፈል ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም፤ መሬት ሥር መኖር ሁለቱን አመሳሰላቸው እንጂ።

• ባለ ከረጢት አይጦች፦ የኔሶሚዴ አስተኔ አባላት ሆነው ምግብ በጉንጫቸው ከረጢት ይሸከማሉ። በታንዛኒያ ፈንጂና የሳንባ ነቀርሳ በማሽተት እንዲለዩ የሚሠለጥኑት ትልልቅ አይጦች ከነዚህ ናቸው። ፍልፈል የጉንጭ ከረጢት የለውም።

የአካል ባሕርይ

ፍልፈል ድብልብል ሰውነት፣ አጫጭር እግሮችና አጭር ጅራት አለው። ዓይኖቹ ትንንሽ ቢሆኑም ያያሉ፤ ጆሮዎቹ በፀጉር ውስጥ ሊደበቁ ምንም አይቀራቸውም። ፀጉሩ ለስላሳና አብረቅራቂ ሲሆን ቀለሙ ከቀይ ቡናማ እስከ ግራጫ ይለያያል፤ ፈጽሞ ጥቁር የሆኑም አሉ።

ዋና መቆፈሪያው የፊት ጥርሶቹ ናቸው። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ሲሆኑ አፉ ቢዘጋም ከውጭ ይታያሉ። ከንፈሩ ከጥርሶቹ ኋላ ስለሚገጥም በሚቆፍርበት ጊዜ አፈር ወደ አፉ አይገባም። እንደ ዘራይጥ ሁሉ ጥርሶቹ ዕድሜውን በሙሉ ያድጋሉ፤ መቆፈሩና ማኘኩ መልሶ ይሞርዳቸዋል።

አኗኗር

እያንዳንዱ ፍልፈል የራሱ ጉድጓድ አለው፤ የሚገናኙት ለመራባት ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ሥር የሚፈለግባቸው ረጃጅም መተላለፊያዎችና በሣር የተነጠፈ መኝታ ይገኛሉ፤ ምግብም ያከማቻል። እናቲቱ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ግልገል ትወልዳለች። የቆፈረውን አፈር ወደ ላይ ስለሚገፋው መኖሩ የሚታወቀው በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ በሚታዩት ትኩስ የአፈር ቁልሎች ነው። ይህ ሥራ የታችኛውን አፈር ከላይኛው ያደባልቃል፣ አየርና ውኃም ያስገባል።

በመንዝ ጓሳ

የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ነው። የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር የሚያጭደውም በተወሰነ ጊዜ ነበር።

በዚህ ሥፍራ ከፍልፈል ጋር ልዩ ልዩ የሣር አይጦች ይኖራሉ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ በቡድን ቢኖርም አደኑን ለየብቻው ያካሂዳል፤ ምግቡም በአብዛኛው እነዚህ እንስሳት ናቸው። በባሌ ትልቁ ፍልፈል የያዘውን ቦታ በመንዝ ተራው ፍልፈል ከሣር አይጦች ጋር ይዞታል። በጓሳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ቀበሮው በጭላዳ ዝንጀሮዎች መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ እንደሚሳካለት አሳይቷል።

ፍልፈልና ገበሬ

ፍልፈል የድንችን ሥርና የሌሎች አትክልቶችን ሥራ ሥር ስለሚበላ ገበሬ ጠላቱ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን በመርዝ መግደል ሌላ ጉዳት ያመጣል፦ የተመረዘውን እንስሳ የሚበላ ቀበሮ ወይም ጭልፊትም ሊመረዝ ይችላል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል። የጓሳው ሣር ታርሶ ወይም ከመጠን በላይ ተግጦ ፍልፈልና አይጥ ቢመናመኑ፣ ቀበሮውም የሚበላው ያጣል። ቀበሮው ከጠፋ ደግሞ ገበሬው ያለ ደመወዝ ፍልፈል የሚያድንለትን ያጣል።