ከአደን ጥይት እስከ ማዕድ፦ የእርሳስ ክርክር አጭር ታሪክ

እርሳስ መርዛማ ብረት መሆኑን የሕክምና ሙያ ካወቀው ብዙ ዘመን ተቆጥሯል። ከቤት ቀለም፣ ከቤንዚንና ከውሃ ቧንቧ እንዲወገድ በየአገሩ ረጅም ትግል ተካሂዷል። ይሁን እንጂ በአደን ጥይት አማካይነት በቀጥታ ሥጋ ውስጥ የሚገባው እርሳስ የሰውን ጤና ይጎዳ እንደሆነ በቅጡ መመርመር የተጀመረው እጅግ ዘግይቶ ነው። አደን የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ልማድ የሆነባት አሜሪካ የዚህ ክርክር ዋነኛ መድረክ ሆና ቆይታለች።

ከዳክዬ የተነሣው ጥያቄ

ጥያቄው የተነሣው ከሰው ሳይሆን ከወፎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የተፈጥሮ ተመራማሪው ጆርጅ በርድ ግሪኔል የውሃ ወፎች በእርሳስ ተመርዘው እንደሚሞቱ ጽፎ ነበር። የወፍ አደን ጠመንጃ በአንድ ተኩስ የሚረጫቸው ጥቃቅን የእርሳስ እንክብሎች በሐይቆች ዳርቻ ይከማቻሉ። ዳክዬዎችም ምግብ ለመፍጨት ከሚውጡት ጠጠር ጋር ይለቅሟቸዋል፤ ጡንቻማው ጨጓራ ሲፈጫቸውና አሲዱ ሲያሟሟቸው እርሳሱ ወደ ደም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1959 ፍራንክ ቤልሮዝ የተባለው ተመራማሪ ከሰሜን አሜሪካ የውሃ ወፎች መካከል በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት እንደሚሞቱ ገመተ።

አዳኞች በበኩላቸው ብረት ከእርሳስ ስለሚቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል፣ እንስሳውን ሳይገድል ያቆስላል፣ የቆዩ ጠመንጃዎችን አፈሙዝ ይጎዳል ሲሉ ተከራከሩ። በመሆኑም የእርሳስ እንክብል ለውሃ ወፎች አደን በመላው አሜሪካ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከግሪኔል ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ 97 ዓመታት አልፈዋል። ዴንማርክ በ1996 የእርሳስ እንክብልን ለማናቸውም አደን ከለከለች።

ቀጣዩ ተራ የጠመንጃ ጥይት ነበር። የካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለው ግዙፍ ጥንብ አንሳ ከመጥፋት እንዲድን እ.ኤ.አ. በ1987 የቀሩት 27 ወፎች በሙሉ በጥበቃ ሥር ገቡ። ከ1992 ጀምሮ ወደ ዱር ቢመለሱም አዳኞች የተዉትን ጥንብ እየበሉ በእርሳስ ይመረዙ ነበር። ተመራማሪዎች በደማቸው የተገኘውን የእርሳስ አይሶቶፕ ከጥይቱ ጋር በማነጻጸር ምንጩን አረጋገጡ። ካሊፎርኒያም በ2007 በወጣ ሕግ ኮንዶር በሚገኝበት አካባቢ፣ በ2013 በወጣ ሕግ ደግሞ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በመላ ግዛቷ የእርሳስ ጥይትን ለአደን አገደች።

ጥያቄው ወደ ሰው ሲደርስ

ጥንብ አንሳውን የመረዘው እርሳስ ሰው ከሚበላው ሥጋ ውስጥስ የለምን? እ.ኤ.አ. በ2008 በሰሜን ዳኮታ አንድ የቆዳ ሐኪም አዳኞች ለችግረኞች የለገሱትን የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ በሲቲ ስካን መረመሩ። ከእሽጎቹ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የብረት ስብርባሪ ታየ። የክፍለ ግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤትም የእርዳታ ምግብ የሚያድሉ ድርጅቶች ሥጋውን እንዲያስወግዱ መከረ። በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በእርሳስ ጥይት የተገደሉ 30 አጋዘኖችን በራጅ መርምሮ የ24ቱ የተፈጨ ሥጋ የብረት ስብርባሪ እንዳለበት አሳየ። ሥጋውን የተመገቡ አሳማዎችም በደማቸው ያለው እርሳስ ጨመረ። እርሳስ ለስላሳ በመሆኑ በፍጥነት ሲመታ ይፈረካከሳል፤ ስብርባሪውም ከቁስሉ ርቆ ስለሚበተን በዓይን አይታይም፣ በጥርስም አይለይም።

ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በሰሜን ዳኮታ 738 ሰዎችን መርምሮ የአደን ሥጋ የሚበሉት በዴሲሊትር ደም 0.30 ማይክሮግራም ያህል ብልጫ እንዳላቸው አገኘ። ከ10 ማይክሮግራም በላይ የተገኘበት ሰው ግን አልነበረም። አዳኞች ይህን የደኅንነት ማስረጃ አድርገው ወሰዱት፤ ሐኪሞች በአንጻሩ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ከአደጋ ነጻ የሆነ መጠን አለመታወቁን አመለከቱ። ቆይቶ የታየው ማዕከሉ ራሱ መለኪያውን ዝቅ ማድረጉ ነው፤ ለሕፃናት 10 የነበረው በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ወደ 3.5 ማይክሮግራም ወረደ። ትናንት መደበኛ የተባለ ደም ዛሬ ክትትል የሚያሻው ሆነ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ዴንማርክ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የእርሳስ የጠመንጃ ጥይትንም ለአደን ከልክላለች። በአሜሪካ ግን በጥር 2017 በፌዴራል የዱር እንስሳት መጠለያዎች እርሳስን ለማስወገድ የወጣው ትእዛዝ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተሽሯል። የመዳብ ጥይት በአብዛኛው ሳይፈረካከስ ቢቀርም ዋጋው ዛሬም መከራከሪያ ነው።

ለጤና ባለሙያ የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። ምልክት አለመታየቱ ጉዳት ላለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። ምንጩ ያልታወቀ የእርሳስ መመረዝ ሲያጋጥም ስለ ሥራና ስለ መኖሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን ስለ ምግብም መጠየቅ ይገባል። በሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይትም፣ በተለይ የመገጣጠሚያ ፈሳሽ የሚነካው ከሆነ፣ ከዓመታት በኋላ እንኳ ሊመርዝ እንደሚችል ማስታወስ ያሻል። ለአንድ ምዕተ ዓመት በወፎች ላይ ብቻ ያተኮረውን ክርክር ወደ ሰው ማዕድ ያመጣው አንድ ሐኪም በእጁ ባለው መሣሪያ ያቀረበው ጥያቄ ነውና።