ገጽ አርጋቢ፦ ለ«ሰርፋክታንት» የታጨ የአማርኛ ስም

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አዘዞን አልፎ የሚሄድ ሰው ፀዳ ከተማን ያገኛል። ጠዳ እያሉ የሚጽፏትም አሉ። ፊደሉ ቢለያይም ፀዳ ሲባል የሚሰማው ድምፅ፣ ልብሱ ታጥቦ እድፉ ሲለቅ «ጸዳ» የምንለው ነው። ለመጽዳት ቃል አለን፤ ለሚያጸዱት ዕቃዎችም እንዲሁ፦ ሳሙና፣ ኦሞ፣ ላርጎ፣ ሻምፖ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሆኖ ቅባቱን ከድስቱ፣ እድፉን ከነጠላው የሚያላቅቀው ንጥረ ነገር ግን በአማርኛ የተለመደ ስም የለውም። ኬሚስቶች ሰርፋክታንት ይሉታል። ነጋዴው «የሳሙና ኬሚካል» ብሎ ይሸጠዋል። ፈሳሽ ሳሙና የሚያመርቱት ደግሞ እንደየዓይነቱ «ሰልፎኒክ» ወይም «ቴክሳፖን» ብለው በጀሪካን ይገዙታል። ስም ማጣቱ ሰው እያስጎዳ ነው ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

ምን እንደሚሠራ ለማየት የጎመን ቅጠል ይበቃል። ንጹሕ ውሃ ጠብ ቢያደርጉበት ውሃው ድብልብል ሆኖ ይንከባለላል እንጂ ቅጠሉን አያርሰውም። የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ የውሃው ገጽ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ነው። ትንሽ የላርጎ ጠብታ ሲጨመርበት ያ ድብልብል ወዲያው ይንጣለልና ቅጠሉን ያለብሰዋል። ውጥረቱ ረገበ ማለት ነው። ይህ በመሣሪያ ይለካል፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የንጹሕ ውሃ የገጽ ውጥረት 72 ሚሊ ኒውተን በሜትር ገደማ ሲሆን፣ ማጽጃው ሲገባበት ወደ 30 አካባቢ ይወርዳል። ምስጢሩ ሞለኪውሉ ሁለት ባሕርይ ያለው መሆኑ ነው፤ ራሱ ውሃ ይወዳል፣ ጅራቱ ውሃ ሸሽቶ ቅባት ውስጥ ይሸጎጣል። ጅራቶቹ ቅባቱን ከበው ሲይዙት ራሶቹ ወደ ውሃው ይጎትቱታል፤ ቅባቱ ተሰባብሮ ከውሃው ጋር ይሄዳል።

እንግዲህ ምን እንበለው? በመጀመሪያ ያማረኝ «አስታራቂ» የሚለው ነበር። ውሃንና ዘይትን የሚያገናኝ፣ ለሁለቱም ወገን ዘመድ የሆነ ሽማግሌ ይመስላል። ግን ተውኩት። አስታራቂ ማንንም አይጎዳም፤ ይህ ንጥረ ነገር ግን የድስቱን ቅባት ከእጃችን ቆዳ ቅባት አይለይም። ሁለቱንም ያነሳል። ሲያጥቡ የሚውሉ ሰዎች እጅ የሚደርቀውና የሚሰነጣጠቀው ለዚህ ነው። ስሙ ደግ ሽማግሌ ካስመሰለው ጥንቃቄን ያዘናጋል።

«ገጽ አርጋቢ» ግን ሥራውን በትክክል ይናገራል። ገጽ እንደ «የውሃ ገጽ» እና «የምድር ገጽ» ያለው ነው። ማርገብም የተወጠረን ነገር ማላላት መሆኑን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። የተወጠረ ገመድም ሆነ ከበሮ ይረግባል፣ በዜናም ውጥረት ሲረግብ እንሰማለን። ስለዚህ ሰርፋክታንት ገጽ አርጋቢ ይሁን።

ነገሩ ራሱ ለእኛ አዲስ አይደለም። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያጠቡበት እንዶድ የተፈጥሮ ገጽ አርጋቢ አለው፤ ሳፖኒን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። በጣና ዙሪያ ላለ ሰው ቢልሃርዚያ የሩቅ በሽታ አይደለምና የግኝቱን ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም። አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለኩራታችን ነው፤ እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ልብስ የሚያነጣው ያው አረፋ በውሃ ውስጥ ያለ ፍጥረት ይገድላል። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ገጽ አርጋቢ ከተክልም መጣ ከፋብሪካ፣ ሕይወት ያለው ነገር በቅባት የተሸፈነ እስከሆነ ድረስ ይነካዋል።

አሁን ወደ ጀሪካኑ። ሰልፎኒክ የሚባለው በሙሉ ስሙ ሊኒየር አልኪል ቤንዚን ሰልፎኒክ አሲድ፣ ባጭሩ ላብሳ ነው። ቡናማ፣ እንደ ማር የሚወፍር ፈሳሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ንጥረቱ 96 በመቶ ገደማ ሆኖ ይሸጣል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፦ «የሳሙና ኬሚካል» ሲባል ሰው ሳሙና ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሳሙና ከመሆኑ በፊት ኃይለኛ አሲድ ነው። ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ብረት ይበላል። በፋብሪካው ጀሪካን ላይ ከሁለት ብልቃጥ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ እጅንና ብረትን ሲበላ የሚያሳይ፣ በቀይ መስመር የተከበበ ምልክት አለ። ችግሩ ፈሳሹ በችርቻሮ ሲሸጥ ምልክቱ ትልቁ ጀሪካን ላይ መቅረቱ ነው። ገዢው ቤት የሚደርሰው ምንም ባልተጻፈበት ሃይላንድ ነው። ሃይላንድ ደግሞ በየቤቱ የውሃ መጠጫ ነው፤ ሕፃን ልጅ ሌላ ነገር አያውቀውም። የስሙ መመሳሰልም አለ፤ ሰልፎኒክና ሰልፈሪክ ለጆሮ ይቀራረባሉ፣ ሁለተኛው የመኪና ባትሪ አሲድ ነው።

ሰልፎኒክን ከአሲድነት አውጥቶ ገጽ አርጋቢ ጨው የሚያደርገው ኮስቲክ ሶዳ ነው። እሱም በበኩሉ ሥጋ የሚበላ ነው። ለ10 ኪሎ ሰልፎኒክ የሚያስፈልገው 1.2 ኪሎ ገደማ ነው፤ በዓይን ግምት የሚጨምር ሰው ወይ አሲድ ወይ ኮስቲክ የተረፈበት «ላርጎ» ለሰው እጅ ይሸጣል። ርካሽ የሆነው የፒኤች ወረቀት 7 ወይም 8 እስኪያሳይ ድረስ ምርቱ መሸጥ የለበትም። ኮስቲክ ሶዳ ሁልጊዜ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በኮስቲክ ላይ አይፈስም፤ ሙቀቱ ፈሳሹን አፍልቶ ፊት ላይ ይረጨዋል። ኮስቲኩ ሟሙቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰልፎኒኩ በቀጭኑ፣ እየተማሰለ ይገባል። የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይሆንም፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ሲበላ በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። የፕላስቲክ በርሜል፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ረጅም ወፍራም ጓንት፣ ዓይንን ዙሪያውን የሚከድን መነጽር፣ በርና መስኮቱ የተከፈተ ቤት ያስፈልጋል። በረኪና ደግሞ ሰልፎኒክ ባለበት ክፍል እንኳ አይቀመጥ። አሲድ በረኪናን ሲነካ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል፤ ክሎሪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የታፈኑበት ጋዝ ነው።

ስለ አረፋም አንድ ነገር ልበል። ገዢው ጠርሙሱን እየነቀነቀ አረፋውን፣ እያዘነበለ ውፍረቱን ያያል፤ ሻጩም ለዚያ ሲል አረፋ የሚያበዛና የሚያወፍር ነገር ይጨምራል። አረፋ የንጽሕና መለኪያ አይደለም። ቴክሳፖን ያለበትን ፈሳሽ የሚያወፍረውም ተራ የገበታ ጨው ነው።

ሰልፎኒክ ወይም ኮስቲክ ዓይን ውስጥ ከገባ መጀመሪያ የሚጠራው ባጃጅ ሳይሆን ውሃ ነው። የዓይን ቆቡን ገልጦ ያለማቋረጥ 20 ደቂቃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪም። ከፀዳ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እስኪደረስ ያልታጠበ ዓይን በመንገድ ላይ እየተበላ ይሄዳል። በጎንደርና በዙሪያዋ ውሃ የሚጠፋበት ቀን ብዙ ነውና የሚቀምም ሰው ከሥራው በፊት አጠገቡ ሙሉ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ያስቀምጥ፤ በቀጭኑ ቢፈስ ለ20 ደቂቃ ይበቃል። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ልብሱ ወዲያው ይውለቅ። የዋጠ ሰው ግን እንዲያስመልስ መደረግ የለበትም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣም ያቃጥላል፣ አረፋውም ወደ ሳንባ ይገባል። ወተት እየጋቱ ሰዓት ከማባከን ሰውየውንም የዋጠበትን ዕቃም ይዞ ጤና ተቋም መድረስ ነው። ወለል ላይ የፈሰሰው ያንሸራትታልና ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ ይልበስ፤ ከዚያ በአካፋ ይነሳ።

የፈሰሰውም ሆነ የተረፈው ወደ ወንዝ አይደፋም። የጎንደር ወንዞች ቀሃም ትንሹ አንገረብም የሚገቡት መገጭ ውስጥ ነው፣ መገጭ ደግሞ ጣና። ገጽ አርጋቢ የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። አውሮፓና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወንዞቻቸው በማይበሰብስ የማጽጃ አረፋ ተሸፍነው ካዩ በኋላ ነበር ባክቴሪያ ሊበላው ወደሚችለው፣ ዛሬ እኛም ወደምንጠቀምበት ቀጥ ያለ ጅራት ወዳለው ዓይነት የዞሩት። ቢበሰብስም ጊዜ ይፈልጋል፤ ጀሪካን ሙሉ ከተደፋበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያለ ዓሣ ያን ጊዜ አያገኝም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አደጋው እንዲያስተምረው ያዛል። ለራሷ በጓሮዋ የምትቀምም ሴት ግን አሠሪ የላትም፤ የሚያስተምራት የሸጠላት ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ልመናዬ ለቸርቻሪዎች ነው። በውሃ ሃይላንድ አትሽጡ። በምትሸጡበት ዕቃ ላይ ሁሉ በማይለቅ ማርከር በአማርኛ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ገጽ አርጋቢ አሲድ። ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ከበረኪና አይቀላቀልም። ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ።»