የአስታ ሥር

ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የሁለት ወዳጆችን ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው ፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን ከተማ የከረመ ጎጃሜ ነው። ሁለተኛው ከደባርቅ፣ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ወደዚያው የሄደ። ጎጃሜው ፒፓ ያጨሳል። የደባርቁ ልጅ ግን ሲጋራ እንኳ በጣቱ ይዞ አያውቅም፤ ትምባሆ ነውር በሆነበት ቤት ነው ያደገው። ነውሩ ደግሞ ሥር ያለው ነው። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የሚያጨሰው ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበው አፍንጫውን ይቆረጥ እንደነበር በአገራችን ሲነገር ኖሯል። ይህን እየሰማ ላደገ ሰው ፒፓ ዘርግቶ «እስቲ ሳባት» ማለት ለጎጃሜው ከበደው። ስለዚህ ጭሱን ወደ ጎን ትቶ ከእንጨቱ ጀመረ። እኔ ይህን ሰው የምወደው በዚህ ነው።

አንድ ቅዳሜ ወደ ሳን ክሎድ ይዞት ሄደ። ሳን ክሎድ በጁራ ተራሮች መካከል፣ በስዊዘርላንድ ድንበር አጠገብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ጥንት የቅዱስ ክሎድን አጽም ሊሳለሙ ምዕመናን ይጎርፉባት ነበር። የከተማዋ ጠራቢዎችም ለእነሱ መስቀልና መቁጠሪያ ከእንጨት እያበጁ ይሸጡ ነበር። በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለፒፓ የሚሆን አዲስ እንጨት ሲመጣ፣ እጁ የሠለጠነ ሰው በየቤቱ ነበር። ሳን ክሎድ በፒፓ ስሟ ዓለምን ያዳረሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

ወዳጆቹ አንድ አነስተኛ የፒፓ መሥሪያ ወርክሾፕ ገቡ። መደርደሪያው ላይ ቀይ ቡናማ ሻካራ ቁራጮች ተከምረዋል። ግድግዳው ላይ የተክሉ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ የደቀቀ፣ አበባው ነጭና ጥቃቅን። የደባርቁ ልጅ ሥዕሉ ፊት ቆሞ ቀረ።

«አንተ! ይህ እኮ አስታ ነው!»

አዎ፣ አስታ ነው። ሳይንሱ ኤሪካ አርቦሪያ የሚለው ያው ተክል በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ደን ሆኖ ይቆማል፤ በኮርሲካ፣ በሰርዲኒያ፣ በካላብሪያና በአልጄሪያ ኮረብታዎች ደግሞ ቁጥቋጦ ሆኖ ይበቅላል። ፒፓ የሚወጣው ከግንዱ አይደለም። በግንዱና በሥሩ መካከል፣ አፈር ውስጥ፣ ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጅቶ የሚያብጥ ጉጥ አለ። እሳት ቁጥቋጦውን ቢበላው እንኳ ተክሉ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ከዚህ ጉጥ ነው። እንጨቱም ፍም ሲያድርበት ቶሎ አይቃጠልም። ቆፋሪዎቹ ካወጡት በኋላ ይቆርጡታል፤ መራራው ጭማቂ እንዲወጣለት ለሰዓታት ይቀቅሉታል፤ ከዚያም እንዳይሰነጠቅ ጥላ ውስጥ ለወራት ቀስ ብሎ ይደርቃል። (ይህን ሰምቶ ሰሜን ፓርክ ውስጥ ዶማ የሚያነሳ እንዳይኖር። የእኛ አስታ እዚያው ቆሞ ጉም ያጥልል።)

ማታ ሊዮን ተመልሰው ሰገነቱ ላይ ተቀመጡ። ጎጃሜው ከሁሉ በፊት እውነቱን ተናገረ። «ስማኝ ወንድሜ፤ ጭሱን ወደ ሳንባ ባታስገባው እንኳ ኒኮቲኑ በአፍህ ይገባል። ጭሱም የምላስና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። ይህን ሳልነግርህ ክብሪት አልጭርም።» ወዳጁን ትምባሆ ፊት የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ከዋጠ ወዳጅ አይባልም፤ እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

ከዚያ አሞላሉን አሳየው። ፒፓ አጫሾች ሲያስተምሩ መጀመሪያ በሕፃን እጅ፣ ቀጥሎ በሴት እጅ፣ በመጨረሻ በወንድ እጅ ተጫነው ይላሉ፤ ታችኛው ልል፣ ላይኛው ጠበቅ እንዲል ነው። የመጀመሪያው ክብሪት ትምባሆውን ያነሳሳዋል እንጂ አያነደውም። ያበጠውን በቀስታ ተጭኖ ሁለተኛ መለኮስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነው፤ የቸኮለ ሰው ምላሱ ይለበለባል፣ እንጨቱም ይግላል። መዳፍ ካቃጠለ ማስቀመጥ።

የደባርቁ ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳበ። አሳለው። ፒፓዋን መልሶ ሰጠውና፣ «ጭሱን ለአንተ ትቼዋለሁ፤ እንጨቱን ግን ስጠኝ» አለ።

ጎጃሜው አልተቀየመም። በሳምንቱ ያልተጠረበ ቁራጭ፣ ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ገዝቶ ወዳጁ ቤት ደረሰ። ያ ክረምት በሞርሳ ዙሪያ አለፈ። የእንጨቱ ክሮች እንደ ነበልባል ወደ ላይ እንዲወጡ የትኛው ጎን ፊት ይሁን? እዚህ ላይ ሲከራከሩ ያመሹ ነበር። ዋናው ፈተና ግን ቀዳዳው ነው። ከመምጠጫው የሚመጣው ቀጭን ቀዳዳ ትምባሆው ከሚቀመጥበት ጉድጓድ ጋር የሚገናኘው ልክ ወለሉ ላይ መሆን አለበት። ከፍ ካለ ሥር ያለው ትምባሆ ሳይነድ ይረጥባል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ የጉድጓዱን ወለል ይበሳዋል።

የመጀመሪያዋ ፒፓ ቀዳዳዋ ከፍ ብሎ ወጣ። ጎጃሜው ሞልቶ ለኮሳት፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ማንኮራፋት ጀመረች።

«በጣት ውፍረት ስተሃል» አለው።

«በግማሽ ጣት ነው» አለ የደባርቁ ልጅ፣ መሰርሰሪያውን እየወለወለ። «ሌላ ቁራጭ አምጣ።»