ድንጋይ በምርኮ

ከሞላሌ ወጣ ብሎ የመንዝን አምባ የሚቃኝ መንገደኛ ቤቱን ከመሬቱ ለይቶ ለማየት ይቸገራል። እንጨት በማይበረክትበት በዚያ ብርዳም ደጋ ገበሬው ግድግዳውን የሚክበው ከአካባቢው በለቀመው ድንጋይ ነው፤ ጣሪያውንም በጓሳ ሣር ይከድናል። ድንጋይ ከሩቅ አገር አይመጣም፤ ለማምጣት አቅሙም ምክንያቱም የለም። የሥነ ሕንጻ ታሪክ በየትም አገር የሚጀምረው ከዚህ፣ ሰው በእግሩ ሥር ያገኘውን አንሥቶ መጠለያ ከማድረጉ ነው።

የጥንቶቹ ሮማውያንም የተነሡት ከዚሁ ነበር። የአገራቸውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠረቡ፤ አመዱን ከኖራ ቀላቅለው ውኃ የማይፈታው ማጣበቂያ አበጁ፤ ቅስትን ከቀደሟቸው ሕዝቦች ወርሰው ማንም ባልደረሰበት ስፋት ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ2ኛው መቶ ዓመት በቄሣር ሐድርያን ዘመን የተፈጸመው ፓንቴዎን 43 ሜትር ስፋት ያለውን ጉልላት ያለ አንዳች የብረት ማጠናከሪያ ተሸክሞ እስከ ዛሬ ቆሟል። ይህን ችሎታ ማሳነስ ከንቱ ነው። ነገር ግን ሮማ የባሪያ አሳዳሪ ሥርዓት መናገሻ ነበረች፤ ጥበቧም የገዢዎቿን ጠባይ ይናገራል። የቲቶን ቅስት የውስጥ ግድግዳ ያየ ሰው፣ ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የተዘረፈውን መቅረዝ ተሸክመው በድል ሰልፍ የሚያልፉትን ወታደሮች ያገኛል። ዘራፊ የዘረፈውን ይደብቃል እንጂ በእብነ በረድ ቀርጾ በአደባባይ አያቆምም ይባል ይሆናል፤ ሮማ ግን አቆመችው።

ከዘረፋውም ሁሉ የከበደው የግብፅ ሐውልት ነበር። አውግስጦስ ቄሣር ግብፅን በያዘ በሃያኛው ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10፣ ከሄልዮፖሊስ የመጣውን ሐውልት ሰርከስ ማክሲሙስ በተባለው የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ መካከል አስተከለ። ለፀሐይ አምላክ የቆመው ድንጋይ ፈረሶች የሚዞሩት ጌጥ ሆነ። ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ አልፎ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ዳግማዊ ቆንስጣንጥዮስ፣ እ.ኤ.አ. በ357፣ 32 ሜትር የሚረዝመውን የቴብስ ሐውልት ለዚሁ ብሎ በተሠራ መርከብ አስመጥቶ በዚያው ሜዳ አቆመው።

ይህ ቄሣር ለኢትዮጵያ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ሐውልቱ በቆመበት ሰሞን ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል፤ ጽሑፉም በአትናቴዎስ መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልኮ፣ ከቄሣሩ ወገን በሆነው ጳጳስ ዘንድ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ይጠይቃል። የአክሱምን ነገሥታት የጠራቸውም ወንድሞች ብሎ ነው። የግብፅን ድንጋይ በትእዛዝ ያስነሣ ንጉሠ ነገሥት ለአክሱም ነገሥታት ወንድሞች ብሎ መጻፉ የዘመኑን የኃይል ሚዛን በሚገባ ያመለክታል። ፍሬምናጦስን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አባ ሰላማ ብላ እስከ ዛሬ ታከብረዋለች።

በዚያው ዘመን አካባቢ የአክሱም ጠራቢዎች ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ካለው ከጎቦድራ ድንጋይ እየፈለጡ ሐውልት ያቆሙ ነበር። የሥራቸው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የአክሱም ሐውልት ቤት ነው፤ በር አለው፣ መስኮት አለው፣ ፎቅ በፎቅ ላይ ይደራረባል፤ በድንጋይና በእንጨት የሚሠራው የአክሱም ግድግዳ የሚታወቅበት፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባለው የሠረገላ እንጨት ጫፍ ሳይቀር ተቀርጾበታል። አናፂውና ግንበኛው በየቀኑ የሚሠሩትን ቤት ጠራቢው ከአንድ ወጥ አለት አወጣው። የሞላሌ ግንበኛ ቢያየው፣ ቤት መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻውም።

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር የጥንቷን ሮማ ዳግም አቋቁማለሁ ባይ ነበረች፤ ከጥንቷ ሮማ ግንባታ ይልቅ ግን ዘረፋውን መቅዳት ቀለላት። 24 ሜትር ያህል ርዝመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው፣ ወድቆና ተሰባብሮ የነበረው ሐውልት ወደ ምጽዋ ተጓጉዞ በመርከብ ተጫነ፤ በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ኔፕልስ ደረሰ። በጥቅምት 1930 ዓ.ም. ሮማ ላይ በቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ፊት ለፊት ተመረቀ። ቦታው የሰርከስ ማክሲሙስ ጫፍ ነው። ቆንስጣንጥዮስ ወንድሞች ብሎ የጻፈላቸው ሰዎች ዘመን ሥራ፣ እርሱ የግብፅን ድንጋይ ካቆመበት ሜዳ አጠገብ በምርኮ ቆመ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ኢጣሊያ በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሱት ጦሯ መታሰቢያ ያደረገችው የራሷን ድንጋይ አልነበረም፤ ከሮማ መሬት ተቆፍሮ የወጣ የግብፅ ሐውልት ነበር።

በየካቲት 1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ አስገደደ። አሥራ ስምንቱ ወር ወደ ስድሳ ዓመት ተጠጋ። ይከብዳል፣ መንገድ የለም፣ ይሰበራል እየተባለ፤ በ1929 ዓ.ም. መንገዱም ክብደቱም ያላስቸገራቸው ይመስል! በ1994 ዓ.ም. መብረቅ መታው። በመጨረሻም በሦስት ተከፍሎ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን አክሱም ገባ።

ሐውልቱን መልሶ ለመትከል ቦታው ሲጠና ከመሬቱ ሥር ቀድሞ ያልታወቁ የመቃብር ክፍሎች ተገኙ። የአክሱም ሐውልት የመቃብር ምልክት ነው፤ በሩም መስኮቱም ከበታቹ ላረፈው ሰው የተቀረጸ ነው። ሮማ ላይ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲቆም በሥሩ ማንም አልነበረም። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. የተመረቀው ሙታኑ ባሉበት ነው።