ቱርክ ስትደክም፦ ከሃይፋ እስከ ምጽዋ

በሞሻቫ ገርማኒት ያሉትን ቀይ ጣሪያ የድንጋይ ቤቶች የማያውቅ የሃይፋ ወጣት የለም። ግን ጀርመኖች እዚህ ምን ይሠሩ ነበር? ሰፈሩን የመሠረቱት በ1868 የመጡ ቴምፕለር የሚባሉ ክርስቲያኖች ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ አገሩን የሚገዛው የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ነበር። ያ መንግሥት ደግሞ ደክሞ ነበር።

ድካሙ ከውስጥ ነው የጀመረው። የግብጹ ገዢ መሐመድ ዓሊ በሱልጣኑ ላይ ተነሥቶ፣ ልጁ ኢብራሂም ፓሻ ከ1831 ጀምሮ ይህን አገር ያዘ። ከዚያ ዕዳ መጣ። መንግሥቱ በ1854 ከአውሮፓ መበደር ጀመረ፤ በ1875 መክፈል አቃተው፤ በ1881 ከግብሩ ከፊሉን ለአበዳሪዎች የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ተቋቋመበት።

ታዲያ ኃያላኑ ለምን ወዲያው ተካፍለው አልጨረሱትም? እርስ በርስ ስለሚፈራሩ ነዋ! ሩሲያ ከጥቁር ባሕር መውጫ፣ እንግሊዝ የሕንድን መንገድ፣ ፈረንሳይ ደግሞ ሶርያንና ሊባኖስን ትፈልጋለች። ሃይማኖትም ሰበብ ሆነ፤ ሩሲያ የኦርቶዶክሶች፣ ፈረንሳይ የካቶሊኮች ጠበቃ ነኝ አሉ። በ1840 የእንግሊዝና የኦስትሪያ መርከቦች ከባሕረ ሰላጤያችን ማዶ ያለችውን አኮን በመድፍ ደብድበው ኢብራሂምን ያስወጡት ለሱልጣኑ አዝነው አይደለም። ከጠንካራ ተቀናቃኝ ይልቅ ደካማ ባለቤት ስለሚሻላቸው ነው።

ወላጆቻችን የሚያውቁት ታሪክም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ቱርክ በ1557 የያዘቻትን ምጽዋን በ1865 ለግብጽ አስተላለፈች። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ቀይ ባሕር የሁሉም ዓይን ማረፊያ ሆነ። ግብጾች ወደ ደጋው ሲወጡ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ ድል አደረጓቸው። ግብጽ ስትዳከም ግን ምጽዋ ለኢትዮጵያ አልተመለሰችም። እንግሊዝ ፈረንሳይ እንዳትገባበት ብላ ለጣሊያን መንገድ ከፈተች፤ ጣሊያንም በ1885 ያዘቻት። ድል የነሣው ሌላ፣ ወደቡን የወሰደው ሌላ።

ሃይፋም ተራዋ ደረሰ። በ1898 የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም 2ኛ የሱልጣኑ ወዳጅ ሆኖ እዚህ ወረደ። በ1905 የሂጃዝ ባቡር ቅርንጫፍ ሃይፋ ገባና ወደቧ ይበልጥ ተፈለገ። በመስከረም 23 ቀን 1918 ከተማዋን ለእንግሊዝ የያዙላት ከጆድፑርና ከማይሶር የመጡ የሕንድ ፈረሰኞች ናቸው። መትረየስ ፊት በጦር እየጋለቡ ገቡ፤ የሞቱትም ለራሳቸው አገር አልነበረም።

ልጆች፣ በምሥራቁ ባቡር ጣቢያ ያለውን የባቡር ሙዚየም ሂዳችሁ እዩ። ወላጆችም ስለ ጉራና ስለ ምጽዋ ንገሯቸው። ሁለቱ ታሪኮች የአንድ መንግሥት ውድቀት ናቸው፤ አንዱን ያወቀ ሌላውን ለመረዳት አይቸገርም።