ኩባንያ፣ መንግሥትና የኢሉባቦር ደን

ከመቱ ወደ በደሌ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ ያዩ ሲደርስ በጌባ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋውን ደን ይመለከታል። በዚህ ደን ጥላ ሥር ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ገበሬውም ዛፉን ጠብቆ ያቆየው ቡናውን ስለሚያጠላለት ነው። ከመሬቱ በታች ደግሞ የድንጋይ ከሰል አለ። ከሰሉ ቢወጣ ደኑ ምን ይሆናል? ጉዳቱን ለመከላከል የሚያስፈልገውንስ ገንዘብ የሚያወጣ ማን ነው? የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነው።

ሕጉ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ በአካባቢ ላይ ብርቱ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሥራ ሳይመረመር እንዳይጀመር፣ ፈቃድ ሰጭ መሥሪያ ቤቶችም ይህን ሳያረጋግጡ ፈቃድ እንዳይሰጡ ደንግጎ ነበር። ነገር ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የመመርመሩን ሥልጣን ለየሚኒስቴሮቹ በውክልና አስተላለፈ። ባለሀብት እንዲጠራ የታዘዘው መሥሪያ ቤት፣ ያው ራሱ የባለሀብቱ መርማሪ ሆነ ማለት ነው።

የዚህም ውጤት ብዙ ሳይቆይ በጎደሬ ታየ። ጎደሬ የሚገኘው ቀድሞ በኢሉባቦር ሥር ትተዳደር በነበረችው በጋምቤላ ነው። በ2002 ዓ.ም. የግብርና ሚኒስቴር ቬርዳንታ ሐርቨስትስ ለተባለ የህንድ ኩባንያ 3,012 ሄክታር መሬት ለሻይ ተክል ለ50 ዓመት አከራየ። የመዠንግር ሽማግሌዎች ደናችን ይጠፋል ሲሉ እስከ ቤተ መንግሥት ድረስ አቤት አሉ። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ደኑ እንዲጠበቅ ደብዳቤ ጻፉ፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንም ተቃወመ። ሆኖም ኩባንያው ሥራውን ቀጠለ። የርእሰ ብሔሩ ደብዳቤ ክብር እንጂ የማዘዝ ኃይል አልነበረውም፤ ኃይሉ የነበረው ከፈቃድ ሰጭው ዘንድ ነው።

በያዩ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስገርማል። በዚያው በ2002 ዓ.ም. 167,021 ሄክታር የሚሆነው የያዩ ምድር በዩኔስኮ መዝገብ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ በዚያው በያዩ በከሰል የሚሠራ የማዳበሪያ ፋብሪካ እንዲቆም ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ። አስመዝጋቢውም፣ የፋብሪካው ባለቤትም፣ ሠሪውም፣ መርማሪውም መንግሥት ነበረ። ታዲያ ማን ማንን ይጠይቅ? ከብዙ ቢሊዮን ብር ወጪ በኋላ ፋብሪካው ሳያልቅ ውሉ ተቋረጠ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ገበሬው ማዳበሪያውንም አላገኘ፤ ደኑም እንደ ቀድሞው አልቀረለትም።

ክቡራን አድማጮች፤ ኩባንያ ትርፍ መፈለጉ ነውር አይደለም። ለደንና ለወንዝ የሚያወጣው ገንዘብ ግን በአብዛኛው የሚለካው መንግሥት በሚናገረው ቃል ነው። መንግሥት አጥብቆ ከጠየቀ ወጪው በኩባንያው ሒሳብ ይገባል፤ ዝም ካለ ደግሞ ዕዳው በቡና ለቃሚው ገበሬ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መርማሪው ከፈቃድ ሰጭው የተለየ፣ ቃሉም በግል ኩባንያና በመንግሥት ድርጅት ላይ እኩል የሚጸና ሊሆን ይገባዋል። ፋብሪካ ቢዘገይ በሌላ ዓመት ይሠራል፤ የያዩ የጫካ ቡና ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ ዘሩን ከወዴት እናመጣዋለን?