የባልደረባዬ አያት የብረት ቆብ

ባለፈው መስከረም፣ እዚህ ጀርመን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ የእናቱን ምድር ቤት ሲያጸዳ እንዳግዘው ጠራኝ። ከአሮጌ ስኪዎች ጀርባ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የወታደር የብረት ቆብ ነው። «የአያቴ ነው፤ በ1940 ፈረንሳይ የዘመተበት» አለኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ቤተሰቡ የሚያውቀው ታሪክ አጭር ነው። አያትየው ፈረንሳይ ዘመቱ፣ ጉልበታቸውን ቆሰሉ፣ በ1941 ተሰናብተው ቤታቸው ገቡ። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሶቭየት ግንባር አልሄዱም። እዚያ ምን እንደተፈጸመ የሚያውቅ የጀርመን ቤተሰብ ውስጥ «ምሥራቅ አልሄደም» ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ። እሁድ እሁድ አሮጌ ዕቃ ገበያ ስዞር እነዚህን ቆቦች መለየት ለመድኩ። ሻጮቹ ስዋስቲካውን በወረቀት ይሸፍኑታል፤ በአደባባይ ማሳየት በሕግ ክልክል ነው። አልገዛም፣ ቤቴም እንዲገባ አልፈልግም። ግን መለየቱ ራሱ ሱስ ነው፤ የማታውቁት ሰው የጻፈው ኮድ ውስጥ ገብታችሁ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረው እንደ መፈለግ።

የመጀመሪያው ቨርዥን የ1916 ነው። ከዚያ በፊት የጀርመን ወታደር አናቱ ላይ ሹል ያለው የቆዳ ቆብ ነበር የሚያደርገው፤ ለመድፍ ፍንጣሪ ምንም አይመልስም። አውጉስት ቢር የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም የራስ ቁስሉን ብዛት አይቶ ጮኸ፣ የሃኖቨሩ መሐንዲስ ፍሪድሪሽ ሽቨርድ ነደፈው፣ ቨርደን ላይ በብዛት ታየ።

የሁለተኛው ጦርነት ቆቦች ሦስት ናቸው። የ1935ቱ ጠርዙ ዙሪያውን ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ የአየር ቀዳዳው ላይም ለብቻው የተሠራ ትንሽ ቀለበት አለው። በ1940 ቀለበቱ ቀረና ቀዳዳው ከብረቱ ራሱ ተቀጥቅጦ ወጣ። በ1942 ጠርዙን መጠቅለልም ቀረ፤ እንደተቆረጠ ተወት ተደረገ። ዴድላይን የደረሰበት ቡድን እንደሚያደርገው፣ ጦርነቱ እየከፋ ሲሄድ ሥራውም እየተቆረጠ ሄደ። ከውስጥ ፊደልና ቁጥር ተመትቶበታል፦ «ኢቲ» የታሌ ፋብሪካ፣ «ኪው» የኤስሊንገኑ ክቪስት። ቁጥሩ በሴንቲሜትር ልኩ ነው፤ 64ን ዓመተ ምሕረት የሚያደርግ ጀማሪ ግን አይጠፋም። በጎን የሚለጠፈውን ንስር እርሱት፤ ዋጋው ያለው እሱ ላይ ስለሆነ የሚጭበረበረውም እሱ ነው።

(ሁሉም ሰብሳቢ እጅ አልገቡም። ከጦርነቱ በኋላ ዕቃ የጠፋበት ሕዝብ ቆቡን በሳስቶ ማጥለያ ወንፊት አድርጎታል። የእኛ ትምህርት ቤት ደወል የመኪና ቸርኬ ስለነበር ብዙም አልገረመኝም።)

እና ምድር ቤቱ ውስጥ ጣቴን በጠርዙ ላይ አስኬድኩት። ስለታም ነው። አልተጠቀለለም። ውስጡን በስልኬ መብራት አየሁት፦ «ሲኬኤል 66»። ሲኬኤል ታሌ «ኢቲ»ን ትቶ በኋላ የተጠቀመበት ምልክት ነው። በ1940 ፈረንሳይ ውስጥ ይህን ቆብ ያደረገ ሰው ሊኖር አይችልም።

ምናልባት የሌላ ሰው ይሆናል ብዬ የውስጡን ቆዳ ገለጥኩ። የአያትየው ስም በቀለም ተጽፎበታል።

«ምነው ዝም አልክ?» አለኝ። ዋሽቼ ባልፈው ደስ ባለኝ። ነገርኩት። ሌላ መንገድ እንዳለም ነገርኩት፤ ቆዳው የተያያዘው በሦስት ችንካር ብቻ ስለሆነ ከድሮ ቆብ ወደ አዲስ ማዛወር ይቻላል። ወይም በ1944 መጨረሻ ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለው ወንድ ሁሉ ለፎልክስሽቱርም ሲጠራ እዚሁ ሰፈራቸው የተሰጣቸው ይሆናል። ወይም ደግሞ ስንብቱ በ1941 አልነበረም። ብረቱ መቼ እንደተሠራ ይናገራል፣ የት እንደሄደ አይናገርም።

እሱን የሚያውቀው ወረቀት ነው። የቬርማህት ወታደሮች መዝገብ ከ2019 ጀምሮ በጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት ሥር ነው፤ ቤተሰብ ቅጽ ሞልቶ መጠየቅ ይችላል። ሊንኩን እዚያው ላክሁለት።

ላይ ቤት እናቱ ቡና አፍልተው ጠበቁን። «ምን አገኛችሁ?» አሉ። «ስኪዎቹን» አላቸው።

ትናንት ምሳ ላይ ጠየቅሁት። ቅጹን ሞልቶታል። አልላከውም።